ሙሉ ነው

የእትዬ ሙሉ ስም ሙሉ አይደለም። እናት አባቷ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ግን አያውቅም። ሙሉ ያሏት የአውሮፕላን ጠጋኞቹ ናቸው። እሷ የመሣሪያ ክፍሉ ጠባቂ ነች። አንድ አውሮፕላን ተጠግኖ ከሃንጋሩ ከመውጣቱ በፊት ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ መፍቻው ሁሉ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። እሷም ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ዕቃ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ትቆጥርና በመስኮቷ ብቅ ብላ "ሙሉ ነው!" ብላ ትጮኻለች፤ መዝገቡ ላይም ትፈርማለች። ከዚያ በፊት ጎታቹ መኪና ወደ አውሮፕላኑ ዝር አይልም። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስትጮህ ኖረች፤ ጩኸቷ ስሟ ሆኖ ቀረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ የየዕቃው ቅርጽ በቀይ ቀለም ተስሏል። ዕቃ የሚወስድ ሰው ቁጥሩ የተቀረጸባትን ክብ ናስ በባዶው ቦታ ሰቅሎ ይሄዳል። ማን ምን እንደያዘ ናሷ ትናገራለች። ዕቃው ካልተገኘ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም፤ የአለቃ ቁጣም ሆነ የተሳፋሪ ልመና አይሰማም። ሞተር ውስጥ የተረሳች ትንሽ ብሎን ሰማይ ላይ ምን እንደምታደርግ የሚያውቁ ሰዎች ያወጡት ሕግ ነው።

ሰኞ ዕለት ደብዳቤ መጣ። ርዕሱ "የደመወዝ ማስተካከያ" ይላል። እትዬ ሙሉ ማስተካከል ማለት የተጣመመ ማቅናት ይመስላት ነበር፤ ደመወዟ መቼ እንደተጣመመ ግን ደብዳቤው አይገልጽም። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ ሲሶው ይቀነሳል ነው ነገሩ። "ጸጉር አስተካካይ እንኳ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ምን ያህል ልቁረጠው ብሎ ይጠይቃል" አለች፤ ቀልዷም እስከ ምሳ ሰዓት ሃንጋሩን ዞረ። የመጨረሻው መስመር ግን ለቀልድ አልተመቸም። ሥራ ለማቆም የፈረመ ሠራተኛ ጡረታውን አጥቶ ይሰናበታል ይላል። እሷ ጡረታ ለመውጣት የቀራት አሥራ አራት ወር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያቺን ጡረታ እንደ ልጅ ስታሳድግ ነው የኖረችው።

ሠራተኛው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመመገቢያ አዳራሹ ሊሰበሰብና ሥራ እናቁም አናቁም የሚለውን ሊወስን ተቀጣጠረ። ቀስቃሹ የታናሽ እህቷ ባል ነበር። የሞተር መካኒክ ነው፤ ጡሩንባ ይሉታል። ሲስቅ ይሰማል፣ ሲያስነጥስ ይሰማል፣ ምስጢር ሲያወራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ሦስት ቀን ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው እየዞረ ሲሰብክ ከረመ። ሰዉ ፊት ለፊት "ልክ ብለሃል" ይለዋል፤ ዞር ሲል ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ያንሾካሹካል። እትዬ ሙሉም ከሚያንሾካሹኩት አንዷ ነበረች፤ ለምን ይዋሻል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል ፈርታለች።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለአንድ አውሮፕላን ቆጠራ ጀመረች። መቶ ስድሳ ተሳፋሪ ሻንጣውን አስረክቦ እየጠበቀ ነው ተብሏል። ቆጥራ ስትጨርስ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሆነ። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። የጎደለችው በሚሰበሰብ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለች፣ የጥርስ ሐኪም መስታወት የምትመስል፣ በሞተር ውስጥ ዓይን የማይደርስበትን ጥግ ማያ መስታወት ናት። በቦታዋ የተሰቀለችው ናስ ቁጥሯ አሥራ ሰባት ነው። የጡሩንባ ቁጥር ነው።

"ጎድሏል!" ብላ ጮኸች።

መካኒኮቹ የዘጉትን ሞተር እንደገና ከፈቱ፤ ወለሉን በባትሪ እያበሩ ተንበርክከው ፈለጉ። ጡሩንባም "የት እንዳኖርኳት ጠፋኝ" ብሎ አብሯቸው ተንበረከከ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። የጥገናው አለቃ ስልኩን ከጆሮው ሳይነቅል እየሮጠ መጣ።

"እትዬ ሙሉ፣ ምንድን ነው ነገሩ?"

"መስታወት ጎድሏል፣ አለቃ።"

"መስታወት! እኔ ደግሞ ክንፉ የጎደለ መስሎኝ! በሉ ይፈርሙና ይውጣ። ማታ ስትገኝ ይሰቅሏታል።"

"ስትገኝ እፈርማለሁ።"

"ሞተሩን ከፍተው አይተውት የለ? የለችም።"

"እዚያ የለችም ማለት ሌላ ቦታ አለች ማለት ነው። ያንን ቦታ ያሳዩኝና ልፈርም።"

አለቃው ስልኩን አጠፋ። "የቀረሽ አሥራ አራት ወር ነው አይደል?" አለ። "እርስዎ" ቀርቶ "አንቺ" መምጣቱን ሁሉም ሰማ።

"ቆጥረውልኝ ከሆነ ልክ ነው" አለችና እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች።

ከክንፉ ሥር አንዱ አፏጨ። ሌላው "እትዬ ሙሉ አድማውን ጀመረችው!" አለ። ቆርቆሮ ሠሪው፣ ከሰኞ ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ ሲያለቅስ የከረመው፣ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ጣቱን ወደ አውሮፕላኑ ቀሰረ። "አንዲት ሴት አልፈርምም ስትል ይህ ሁሉ ነገር ቆመ። ሁላችን አንሠራም ብንልስ?" አለ። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ የፈሪ ሳቅ አልነበረም። እትዬ ሙሉ ደስ አላት። ከባሏ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ግን አንድ ነገር ከነከናት። ጡሩንባ ዝም ብሏል። የብሎን ዳዶ ጣቱ ላይ ሲወድቅበት ሰፈሩን በጩኸት የሚያናውጠው ሰው፣ መስታወት ጠፋብኝ ብሎ፣ መቶ ስድሳ ሰው አቁሞ፣ ቃል አይወጣውም። ከሞተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አንዱን ብሎን መልሶ መላልሶ ይወለውላል። በጣቷ ጠቅሳ ጠራችውና ክፍሉ ሲገባ መስኮቱን ዘጋች።

"አምጣት" አለችው።

"ምኗን?"

"ምኗን የምትለው ለእህቴ ነው። አምጣት።"

ጣሪያውን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀኝ ጫማውን ፈታና ዘንጓ የተሰበሰበ መስታወት ከካልሲው ውስጥ አወጣ።

"አንድ ሰዓት ብቻ፣ እትዬ" አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማለትም እንደ ሌላው ሰው። "አንድ ሰዓት ብቻ ትቁም። ሰዉን አየሽው አይደል? ሦስት ቀን ለምኜ ያላመጣሁትን ልብ ይቺ መስታወት አመጣችው። አውሮፕላኑ እንደቆመ ስብሰባ ከገባን አለቀ፣ አሸነፍን። አንቺ ደግሞ ምንም አላደረግሽ። ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፣ ጡረታሽን ማንም አይነካውም። ዝም በይ ብቻ። ዝም አይነቅዝም።"

እውነቱን ነው፤ ይህ ነው የከበዳት። ለሦስት ቀን እንቅልፍ የነሣትን ነገር መፍትሔ ይዞላት መጥቷል። አድማው ይሆናል፣ ጡረታውም ይቀመጣል፤ ከእሷ የሚጠበቀው አፏን መዝጋት ብቻ ነው። ለአፍታ ያህል አሰበችው። ወዲያው ግን ንዴቷ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ጆሮዋ ድረስ ነው የሞቃት።

"አንተ መስታወት የደበቅህ መሰለህ? የወሰድከው ቃሌን ነው። ዛሬ ሳይጎድል ጎድሏል ካልኩ፣ የዛሬ ወር እውነት ካቻቢቴ ሞተር ውስጥ ቀርታ ጎድሏል ስል ማን ያምነኛል? 'አሮጊቷ አኩርፋ ነው' ብለው ያስነሡታል። የዚያን ቀን ልጆችህ ተሳፍረውበት ቢሆንስ?"

"እትዬ፣ ሲሶ እኮ ነው የሚወስዱብን!"

"አውቃለሁ። እምቢ የምንል ከሆነ ፊታቸው ቆመን እምቢ እንበላቸው። ካልሲ ውስጥ የሚደበቅ እምቢታ እኔ አላውቅም። ስቀላት!"

ሰቀላት። ናሷን አውርዳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ሁሉንም እንደገና ቆጠረች፤ መስኮቱን ከፈተች።

"ሙሉ ነው!"

በዚያች ቃል ሃንጋሩ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋ መሰለ። ጎታቹ መኪና መጣ፣ አውሮፕላኑም እያዘገመ ወጣ። ሰዎቹ ከእሷ ዓይን ዓይናቸውን አሸሹ። ቆርቆሮ ሠሪው ከመሰላሉ እየወረደ "ለአሥራ አራት ወር ሸጠችን" ሲል ሰማችው። እውነቱን ብትነግረው ጡሩንባን ማጋለጥ ነውና መዝገቡን ዘጋች። ከሁሉ የባሰው አለቃው ነበር። ፈገግ ብሎ መጣና ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። "ድሮም እርስዎ ከእኛ ጋር መሆንዎን አውቃለሁ። ማስተካከያው እርስዎን እንዳይነካ እኔ ራሴ እነጋገርልዎታለሁ" አላት። "እርስዎ" ተመልሶ መጥቷል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ስልሳ አንድ ሠራተኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። መካከል ባለው ጠረጴዛ ላይ ለኩባንያው የሚሰጠው የሥራ ማቆም ማስጠንቀቂያ ተቀምጧል። ሕጉ የመጀመሪያው መስመር ላይ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም ይላል። ያ ሰው ጡሩንባ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። ጡሩንባ ግን የኋላው ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እስክሪብቶውን የሚያነሣ ጠፋ። አለቃው "ለመታዘብ ነው የመጣሁት" ብሎ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ መታዘቡ አልበቃ ብሎት ተናገረ።

"ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል" አለ። "ይህ ኩባንያ አብልቷችኋል። ክፉ ቀን መጣና ትንሽ ቻሉኝ አላችሁ። የዛሬው አውሮፕላን ሲነሣ አይታችኋል። ነገም ይነሣል። ይልቅ ተነሡና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።"

ሁለት ሰዎች መነሣት ጀመሩ። ያን ጊዜ ጡሩንባ ብድግ አለ።

"መስታወቷን የደበቅኋት እኔ ነኝ" አለ። "አልጠፋችም። ካልሲዬ ውስጥ ነበረች። አውሮፕላኑ ቆሞ ቢያይ ሰዉ ይበረታል ብዬ ነው። እትዬ ናት ያወጣችብኝ። ሸጠችን ያላችሁት ሰዎች፣ አልሸጠችንም። እንዳንዋሽ ነው የከለከለችን።"

አዳራሹ ታመሰ። አለቃው ከሁሉ በላይ ጮኸ። "ተሰናብተሃል! አሁኑኑ ከዚህ ውጣ! ይኸው አድማችሁ! ይኸው መሪያችሁ!"

ጡሩንባ ቆቡን ከወንበሩ ላይ አነሣ። ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ሚስቱ፣ የእትዬ ሙሉ ታናሽ እህት፣ ደግሞ አራተኛውን አርግዛለች። እትዬ ሙሉ ተነሣች።

"አንተ ተቀመጥ" አለችው። ወደ አለቃው ዞረች። "ዕቃ የደበቀ ሰው ቅጣቱ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ አለቃ። የመጀመሪያ ጊዜው ከሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ይጻፋል። ይባረር የሚል ግን የለበትም።"

"እሱን የምወስነው እኔ ነኝ!"

"ደመወዛችንንም ብቻችሁን ወሰናችሁ። እኛም ለዚሁ ነው የተሰበሰብነው።"

ወደ ጠረጴዛው ሄደች። እስክሪብቶውን አነሣች፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሟን ጻፈችና ፈረመች። አለቃው ከበሩ ተነቅሎ ሁለት እርምጃ ወደ እሷ መጣ።

"ከአንድ ሰዓት በፊት እኮ ፈርመው አውሮፕላኔን አስነሥተውልኛል!"

"የፈረምኩት ለአውሮፕላኑ ነው። ለእርስዎ አይደለም።"

"ጡረታዎስ?"

"ያስፈራኛል" አለች። "ሃያ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። ግን ሠርቼ ነው የበላሁት፤ ማንም አብልቶኝ አያውቅም። ዛሬ ሲሶውን ዝም ብዬ ብሰጣችሁ፣ አሥራ አራቱ ወር ሳይሞላ ሌላ ማስተካከያ ትጽፋላችሁ። እኔን ለማስተካከል ደግሞ ጊዜው አልፎባችኋል።"

መጀመሪያ የሳቀው ቆርቆሮ ሠሪው ነው። ሳቁን ሳይጨርስ ተነሥቶ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስ ፊቱ ቀላ።

"እትዬ፣ ቅድም ያልኩትን ነገር..."

"ሰምቼሃለሁ። ፈርምና ተራውን ልቀቅ።"

ፈረመ። ከኋላው ቀለም ቀቢዋ፣ ከእሷ ኋላ ጎማ ቀያሪዎቹ ሁለቱ ወንድማማቾች ቆሙ፤ ሊወጡ የተነሡትም ሁለት ሰዎች ተመልሰው ገቡ። ሰልፉ አዳራሹን ዞሮ በሩ ድረስ ሲደርስ አለቃው መቆሚያ አጥቶ ወደ ውጭ ወጣ። በመስኮቱ ሲያዩት ስልክ ይደውላል፤ የሚያነሣለት ያገኘ አይመስልም። ስልሳ ሰው ፈረመ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ይቆማል።

መጨረሻ ላይ ጡሩንባ መጣ። ቆቡን በሁለት እጁ እያሻሸ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ።

"እትዬ" አለ። "ሪፖርቱን እውነት ልትጽፊብኝ ነው?"

"እናንተ ስትሰለፉ ጽፌ ጨርሻለሁ" አለች። ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችና ከማስጠንቀቂያው ጎን አስቀመጠችው። "ሁለቱም ላይ ፈርም።"

ሁለቱም ላይ ፈረመ።