ሦስት ድንጋይ ያንሳል፣ አራት ይበዛል

መርካቶ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚለካው በቮልት ሳይሆን በድንጋይ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው። ነጋዴው «ሬድዮሽ ስንት ድንጋይ ይጎርሳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ አራት ያለ የአራት ድንጋይ ትራንስፎርመር፣ ስድስት ያለ የስድስት ድንጋይ ይዞ ይሄዳል። አንዱ ድንጋይ አንድ ቮልት ተኩል ነው። እኔ ግን በ1978 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ወደ ሲኒማ ራስ የወረድኩት አምስት ቮልት ፍለጋ ነበር። ሦስት ድንጋይ አራት ተኩል ነው፣ ያንሳል፤ አራት ድንጋይ ስድስት ነው፣ ይበዛል። መሃል ላይ ምንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተምርበት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወዳጅ አገር አንዲት ኮምፒዩተር በስጦታ መጣች። ዛሬ እንደምናውቀው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ደብተር በምታክል አንድ ሰሌዳ ላይ ሁሉ ነገሯ የተበየደ፣ ሃያ ምናምን ቁልፍና ስድስት ቀይ የቁጥር መብራት ብቻ ያላት ነበረች። እሷ እስክትመጣ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ኮምፒዩተርን በጠመኔ አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ቁልፎቹን ወረቀት ላይ ይሥሉና በጣታቸው ይጫናሉ፤ መልሱን እኔ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ሳጥኑ የተከፈተ ዕለት አለቀስኩ ብል አላፍርም። ኤሌክትሪክ የሚመግባት ዕቃ በመንገድ ተጨፍልቆ መድረሱን ሳይ ደግሞ እንደገና አለቀስኩ።

ርእሰ መምህራችን ጓድ ጥጋቡ እንባ አይወዱም። ሰሌዳዋን በስሜ አስፈረሙኝና «ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፣ ስትሠራ መታየት አለባት» አሉኝ። ብትቃጠልስ ብዬ አልጠየቅኩም። ከእኔ በፊት የነበረው የቤተ ሙከራ ኃላፊ አንድ መለኪያ መሣሪያ ተቃጥሎበት፣ ነገሩ አሻጥር ተብሎ ስምንት ወር ታስሮ ወጥቷል። አምስት የሚበቃት ሰሌዳ ስድስት ቢገባባት ትሞታለች። ብትሞት ፊርማው የእኔ ነው።

ትራንስፎርመር የሚሸጠው ረዲ የሚባል ቀልደኛ ነጋዴ ነበር።

«እህቴ፣ አራቱን ድንጋይ ውሰጂ» አለኝ። «የተረፈው ምራቂ ይሁንልሽ።»

«ምራቂ አልፈልግም!»

«መርካቶ መጥቶ ምራቂ አልፈልግም ያለ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ እኔም ቱግ አልኩ። ቱግ ማለት ልማዴ ነው። «ምሥራቅ ጀርመን ሁለት ዓመት የተማርኩት ይኼንኑ ነው፣ አታስተምረኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ታዲያ ጀርመኖቹ ትራንስፎርመር አልሸኙሽም?» አለ ረጋ ብሎ፣ ክምሩን እያገላበጠ። ከሥር አንድ ጥቁር ሣጥን መዞ አቧራውን እፍ አለበት። ጀርባው ላይ በግልጽ አምስት ቮልት ይላል። ከእጁ ነጠቅኩት ማለት ይቻላል። ከፍዬ ልሄድ ስል ከፊት ለፊት ካለች ጠባብ ሱቅ አንድ ድምፅ ጠራኝ።

«ልጄ፣ ሳትለኪው ነው የምትሄጂው?»

እትዬ ሀጅራ ነበሩ፤ የወሎ ሴት፣ ሬድዮ ጠጋኝ። ሙያውን ከባላቸው ተምረው፣ ባላቸው ሲሞቱ ሱቁን አልዘጉም። ከበስተጀርባቸው መደርደሪያው በሬድዮ ተሞልቷል። ከሁሉም በላይ ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚነበብ አንድ ትልቅ ሬድዮ ቀስ ብሎ ያወራል።

«ተጽፎበታል እኮ» አልኳቸው።

«ዕቃሽን የሚመግባት ጽሑፉ ነው እንዴ? አምጪው።»

ሶኬት ላይ ሰኩና ቴስተራቸውን ነኩበት። ስምንት ቮልት አለ! ቀጥለው አንድ የመኪና ፍሬን መብራት አምፑል አንጠለጠሉበት፤ አምፑሉ ደብዘዝ ብሎ በራ፣ ቴስተሩም ወደ ሦስት ተኩል ወረደ።

«አየሽ? ባዶውን ሲሆን ይዘላል፣ ሲሸከም ይወድቃል። ዕቃሽ ስንት አምፔር ነው የምትወስደው?»

«ወደ አንድ አምፔር» አልኩ፣ ድምፄ ለራሴ እስከማይሰማኝ ቀንሶ። ይኼን ሁሉ እኔው ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምረዋለሁ። የሐሙስ ፍርሃት ከጭንቅላቴ ጠርጎ አውጥቶት ነበር እንጂ።

«ረዲ ምራቂ ያለሽ ቦታው ተሳስቶት ነው» አሉ እትዬ ሀጅራ። «ቮልት ላይ ምራቂ የለም፤ ልክ ልኩን ነው። ምራቂ የሚያምረው አምፔር ላይ ነው። ሁለት አምፔር ብትሰጫት የምትፈልገውን ወስዳ ሌላውን አትነካውም። ነገ ከሰዓት ነዪ፣ እሠራልሻለሁ።»

«ነገ? ሐሙስ እኮ ነው የምትታየው! ብትቃጠል የምታሰረው እኔ ነኝ!»

«ነገ ረቡዕ ነው፣ ልጄ» አሉና መነጽራቸውን አስተካከሉ። ረዲ ሣጥኑን መልሶ ተቀበለኝ፤ ቀልድ እንኳ አልጨመረበትም።

ረቡዕ ስደርስ ዕቃው አልቆ ነበር። ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ወፍራም ትራንስፎርመር አለው። ከሱ ቀጥሎ ቮልቱን አምስት ላይ የምትይዝ፣ ሦስት እግር ያላት ትንሽ ጥቁር ዕቃ፤ ሙቀቷን እንዲወስድላት ከምን አለሽ ተራ የመጣ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ተቆርጦ ተጣብቆባታል። እንዲህ ያለችው ባለ ሦስት እግር ያኔ ከውጭ ካልመጣች አትገኝም። ከየት እንዳገኟት ጠየቅኳቸው።

«ሱቅ ውስጥ ነበረች» አሉ።

የፍሬኑን አምፑል አሸክመው አንድ ሰዓት አቆዩት። እኔ ሦስት ጊዜ «አልበቃም?» አልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ጣትሽን ክዳኑ ላይ አድርጊ፤ አሥር እስክትቆጥሪ ከቻልሽ ደህና ነው» አሉኝ። አሥር ቆጠርኩ። የቴስተሩ መርፌ ከአምስት ንቅንቅ አላለም። ዋጋውን ስጠይቃቸው «ሐሙስ ይለፍ» ብለው ሣጥኑን በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። ያን ቀን ከላይ ያለው ትልቁ ሬድዮ ቁጥሮቹ ጠፍተው ዝም ማለቱን ልብ አላልኩም። የራሴ ጉዳይ ዓይኔን ሞልቶት ነበር።

ሐሙስ እንግዶቹ ፊት ማብሪያውን ስጫን ስድስቱ ቀይ ቁጥሮች አንድ ላይ በሩ። አንዲት ተማሪዬ ዓመቱን ሙሉ ወረቀት ላይ የተጫነቻቸውን ቁልፎች እውነተኞቹ ላይ አንድም ሳትስት ተጫነች፤ መልሱን ሰሌዳዋ ራሷ ሰጠቻት። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ቲቸር፣ እርስዎ እንደሚሉት ነው!» አለች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጓድ ጥጋቡም ፈገግ አሉ፤ የፊት ጥርሳቸው ወርቅ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከቀበሌ የደረሰኝን የወር ስኳር እንዳለ ይዤ መርካቶ ሄድኩ። እትዬ ሀጅራ ለጁምዓ ሰላት አንዋር መስጊድ ወጥተው ነበር፤ ሱቃቸውን የሚጠብቀው ረዲ ነው። ትልቁ ሬድዮ ጀርባው ተከፍቶ፣ ቁጥሮቹ ጠፍተው፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

«ይኼ ደግሞ ምን ሆነ?» አልኩት እንደ ዋዛ።

ረዲ ያን ዕለት አልቀለደም። «ባለ ሦስት እግሯን ላንቺ ከዚህ ነው የነቀሏት። ያለሷ አይነሳም።»

«ይኼ ሁሉ ሬድዮ እያለ...»

«ይኼ ሁሉ አስመራን አይስብም፤ የሚስበው እሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ወታደሮች ለቤተሰብ ሰላምታ ይልካሉ። ልጃቸው ቡርሃን ከዘመተ ሁለት ዓመቱ ነው። ደብዳቤው ከቀረ ሰባት ወር ሆነው።»

ስኳሩን እንደያዝኩ በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ሀጅራ ሲመለሱ ሰላምታም አልሰጠኋቸው።

«ለምን አልነገሩኝም!» ብዬ ጮህኩ። እንዲያ ያለ ቱግታ ከዚያ በፊትም በኋላም አልያዘኝም፤ እያለቀስኩ ነበር የምቆጣው።

«ብነግርሽ ትወስጂው ነበር?»

«አልወስድም!»

«እኮ! ለዚያ ነዋ ያልነገርኩሽ።» ስኳሩን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የቡርሃን ስም ነገ ባልሰማው ሌላ ቅዳሜ እሰማዋለሁ። አንቺን ከወሰዱሽ ግን ማን ይመልስሻል? አንቺም እኮ የሰው ልጅ ነሽ፣ እናት አለሽ።»

እናቴ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልተኛችም ነበር፤ ይኼን እንዴት እንዳወቁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግስቱ ቅዳሜ ትምህርት ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ። የድስት ክዳን የለበሰውን ሣጥን ከሰሌዳዋ ነቀልኩና ከተማሪዎች ደብተር ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የመንግሥት ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፤ እውነተኛው አሻጥር እንግዲህ ያለ ወረቀት ከግቢ ማውጣቱ ነበር። ፊርማዬን ስፈራ የከረምኩት ሴትዮ በገዛ እግሬ ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው ጋሼ ቶላ ቦርሳዬን ፈትሸው ሣጥኑን አገኙት።

«ምንድን ነው?»

«ትራንስፎርመር ነው፣ ጋሼ። ለአንዲት እናት።»

ሣጥኑን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ሰኞ ይመለሳል?» አሉ።

«በጠዋት።»

ደብተሮቹን መልሰው ደረደሩበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ቦርሳዬን ሲያዩ «ሂጂ፣ እንዳይረፍድባቸው» ይሉኝ ነበር።

ሳምንቱን ሰሌዳዋን የሚመግበው ሣጥን ቅዳሜ ከሰዓት ሬድዮውን ይመግብ ጀመር። ሁለቱን ሽቦ ባለ ሦስት እግሯ በነበረችበት ቦታ ስናያይዝ ቀዮቹ ቁጥሮች ይበራሉ፣ አስመራም ከሹክሹክታው ውስጥ ትመጣለች። ረዲ ሱቁን ትቶ ይመጣል። ስም ይነበባል፤ የሌላ እናት፣ የሌላ ሚስት። ስድስት ቅዳሜ እንዲህ ሄደ።

በሰባተኛው ቅዳሜ ግን በጉንፋን የተዘጋ የጎረምሳ ድምፅ መጣ። «ወታደር ቡርሃን ነኝ። መርካቶ ሲኒማ ራስ ለምትገኘው ሬድዮ ጠጋኟ እናቴ... እማ፣ ደህና ነኝ። ክንዴ ቆስሎ ነበር፣ ድኗል። መጻፍ ያልቻልኩት ለዚያ ነው።»

ረዲ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እትዬ ሀጅራ ግን አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ጣታቸው እንደ ልማዳቸው የድስት ክዳኑ ላይ ነበር፤ ሣጥኑ እንዳይግል እየጠበቁ። ቡርሃን ጨረሰ፣ ሌላ ወታደር ገባ፣ ዘፈን ተከፈተ። አሥር ከተቆጠረ ብዙ ቆየ፤ ጣታቸውን አላነሱትም።

«እትዬ፣ ያቃጥልዎታል እኮ» አልኳቸው።

«አያቃጥልም» አሉኝ፣ በሌላ እጃቸው ወደ ጎናቸው እየሳቡኝ። «ልክ ነው፣ ልጄ። ልክ ነው።»