ከቃሬዛው ኋላ

አገኘሁሽ ሆን ብላ ጨው ያልነካው ሽሮ ለባሏ አቀረበችና እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። መጣላት አምሯታል። በደጉ ጊዜ አሳምነው ጨው ትንሽ ካነሰ ግማሽ ቀን የሚያላግጥባት ሰው ነበር። ከሰቆጣ ገበያ ጨው ጠፋ ወይ ይላታል፣ እሷም የእጁን ትሰጠዋለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ዛሬ ግን አንዴ ጎረሰ፣ ደገመ፣ ትሪው ባዶ እስኪሆን ድረስ ዝም ብሎ በላ።

"ጣመህ?" አለችው።

"ደህና ነው።"

"ጨው የለውም እኮ!"

"እንዳሻሽ" አለና መደቡ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተጋደመ።

ይኼ "እንዳሻሽ" የሚሉት ነገር አንጀቷን አሳርሮታል። ፍየሎቹ ገብሱን ሲገቡበት እንዳሻሽ። ጣራው ሲያፈስ እንዳሻሽ። ማሳውን ለእኩል አራሽ እንስጠው ስትለውም እንዳሻሽ። ቢቆጣት በስንት ጣዕሙ፤ የሚቆጣ ሰው ቢያንስ ቤት ውስጥ አለ። ይኼኛው ግን ቀን በቀን ከእጇ እያለቀ ነው፣ ያስፈራትም ይኼው ነው።

ሰውየው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከነሱ መንደር እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ያለው ገደልና ዳገት ስለሆነ፣ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ነው በአራት ሰው ትከሻ የሚወጣው። የቃሬዛው አለቃ አሳምነው ነበር። ሰው የሚጠራበት ጥሩምባም እሱ ቤት ምሰሶ ላይ ነው የሚሰቀለው። ጥሩምባው ሲነፋ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ፣ መንገዱን ስለሚያውቅም ሁልጊዜ ከፊት የሚሸከመው እሱ ነበር።

ዐምና ክረምት ታናሽ እህቱን ዓይናዲስን ምጥ ያዛት። ከእናታቸው ሞት ወዲህ እንደ ልጁ አድርጎ ያሳደጋት እሱ ነው። እንደ ወትሮው ከፊት ገብቶ ተሸከማት። ጭቃው መከራ ስለነበር ዓይኑን ከእግሩ ሥር አላነሳም። ቃሬዛ ላይ የታማሚው ራስ ወደ ኋላ ነው፤ ፊቱን የሚያዩት ከኋላ ያሉት ተሸካሚዎች ናቸው። እነሱም ልጅቷ ጸጥ ስትል አይተው፣ እሱ ደንግጦ ገደል እንዳይገባ ብለው ዝም አሉ። መኪናው መንገድ ላይ ሲያወርዷት ካለፈች ቆይታለች። "አንዴ እንኳ ዞር ብዬ አላየኋትም" አለ። ከዚያ ወዲያ ጥሩምባውን አልነካም።

አገኘሁሽም ሆዷ አልችል ብሎ፣ እሱ ሳይሰማ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ለመነች። ቃሬዛ በደጃችን አታሳልፉ፣ ጥሩምባም አይነፋ፣ ቁስሉን አትነካኩበት አለች። ሰው እሺ አላት። ጥሩምባውን እንኳ መልሺ ያላት የለም፣ ይሉኝታ ይዟቸው። ታማሚ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር በረጅሙ መንገድ ዞሮ ይሄድ ጀመር። ሸካሚ የሚጠራውም በስልክ ሆነ፣ ያውም ኔትወርክ ከተገኘ። እያደር ይሽርለታል ብላ ጠበቀች። ምን ያደርጋል፣ አልሻረለትም።

ትሪውን ለማጠብ ወደ ደጅ ስትወጣ ታች መንገዱ ላይ ቃሬዛ መሬት ላይ ተቀምጦ አየች። ዙሪያውን የቆሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ትሪውን እዚያው ጥላ ቁልቁል ሮጠች።

ቃሬዛው ላይ ያለችው ጎረቤቷ ዮርዳኖስ ናት። ከንጋት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ ከንፈሯን ነክሳ ላብ አጥምቋታል። እንዳለው የሚባለው ባሏ ውሃ ሊያጠጣት ይሞክራል። አጠገቡ ወጣቱ ይሄይስና ሽማግሌው ወልደ ሐዋርያት አሉ። አምቡላንስ ተደውሎለት መኪናው መንገድ ድረስ እየመጣ ነው። መንደሩ ግን ለገብስ አጨዳ ደቦ ማዶ ወርዷል፣ ስልካቸውም አይሠራም። ሽማግሌው ትከሻውን ይዞ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

"በኛ ደጅ ብትወጡ እኮ እስካሁን ደርሳችሁ ነበር" አለች አገኘሁሽ።

ይሄይስ መሬት መሬት እያየ፣ "እንዴት አድርገን እትዬ? እሱ እያየ? ያውም ምጥ!" አላት።

"ጥሩምባው ቢነፋ ማዶ ያሉት ይሰሙ ነበር" አለ ወልደ ሐዋርያት፤ ጥሩምባው የት እንዳለ ግን አላነሳም።

አገኘሁሽ አፈረች። ለአንድ ሰው ብላ ያደረገችው ነገር ይህችን ልጅ ሊገድላት ነው። ለዚያውስ ሰውየውን መች አዳነችው?

"በኛ ደጅ ውጡ" አለቻቸውና ዳገቱን ተመልሳ ሮጠች።

ጥሩምባውን ከምሰሶው አወረደችው። አቧራ ለብሷል። ባሏ ራስጌ ቆመች።

"አሳምነው፣ ዮርዳኖስን ምጥ ይዟት ታች ቀርታለች። ተሸካሚ የለም።"

ትከሻው ሽምቅቅ አለ።

"በታች በኩል ዞረው ሊወስዷት ነበር" አለችው።

"በየት ሊወስዷት ኖሯል?" አለ ወደ ግድግዳው እንደዞረ። "ዓመት ሙሉ በመስኮት አያቸዋለሁ። በደጄ ላለማለፍ ገደል ለገደል ይዞራሉ። ምን ያድርጉ? እህቱ ትከሻው ላይ ስትሞት ያልሰማን ሰው ማን ይጠራዋል?"

አገኘሁሽ ግድ የለውም ስትል፣ ለካ ሰውየው ዓመቱን ሙሉ በር በሩን እያየ የሚጠራው አጥቶ ኖሯል!

"እኔ ነኝ" አለችው።

"ምኑ?"

"አታሳልፉ ብዬ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። እንዳይከፋህ ብዬ። እነሱ አንድ ቀን ክፉ አላሰቡህም።"

ፊቱን መለሰ። ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ።

"አንቺ?"

"እኔ።"

"ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለሽ እያየሽኝ?" ድምፁ ከፍ አለ። "ምን ብለሽ ነው በኔ ነገር የምትወስኚው? ይኼ ሽሮስ? እሱንም ሆን ብለሽ ነው?"

"እሱንም ሆን ብዬ ነው" አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ተቆጣ! ደስታዋ ከፀፀቷ ጋር ተቀላቀለባት። እሱም ትንሽ አያት፤ ከዚያ ሊያቅፋትም ሊጮህባትም ጊዜ እንደሌለ ገባው መሰለኝ፣ እጁን ዘረጋ።

"ስጪኝ።"

ደጃፉ ላይ ቆሞ ነፋው። መጀመሪያ አቧራውን ተፋ፤ በሁለተኛው ግን ሸለቆው አስተጋባ። ማዶ አጨዳ ላይ ያሉት ቀና ቀና አሉ፤ ወዲያው ማጭዳቸውን እየጣሉ ወደነሱ መሮጥ ጀመሩ።

ቃሬዛው ግቢው ውስጥ ሲደርስ አሳምነው ጋቢውን አገልድሞ ይጠብቅ ነበር። ሲያየው የዮርዳኖስ ባል እንዳለው እንደ ድሮው ልማድ ከፊተኛው እንጨት ሥር ወጥቶ ቦታውን ለቀቀለት።

አሳምነው ባዶውን ቦታ አየው። የመጡት አጫጆች ደርሰው ከበቡት፤ ሁሉም እሱን ይጠብቃል።

"ከፊት ይሄይስ ይግባ፣ መንገዱን ያውቀዋል" አለ። "እኔ ፊቷን ልያት።"

ዞሮ ወልደ ሐዋርያትን ከሸክሙ አሳረፈውና ከኋላ ትከሻውን ሰጠ። አንገቱን ወደ ዮርዳኖስ አዘነበለ። ዓይናዲስን ሲያባብላት በነበረው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና፣ ቀስ ብሎ፣ አይዞሽ እዚህ ነኝ አላት። እስክንደርስ ዝም እንዳትይኝ፣ የምትይው ካጣሽ እኔን ስደቢኝ አላት። ዮርዳኖስ ጥርሷን ነክሳ አንድ ነገር ስትለው አሳምነው፣ "እሰይ! እንዲያ ነው" አለና እርምጃውን አስተካከለ።

አገኘሁሽ ግቢው መሐል ቆማ ቀረች። ዳገቱን ጨርሰው ከዓይኗ እስኪሰወሩ ድረስ የባሏ ድምፅ ይሰማት ነበር፤ የዮርዳኖስን ስም እየጠራ፣ ልጅቷም እየመለሰችለት።