የጳጉሜ ጥቅል

ጳጉሜ ሁለት ጠዋት አያ ገብረሰንበት ልጃቸውን ማርያማዊትን፣ የደብራቸውን መሪጌታ ዘሚካኤልንና አንድ አዲስ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የስልክ ሱቄ መጡ። ከጅጋ ገጠር ነው የተነሡት። ማርያማዊት ቡሬ ላለ አዳሪ ትምህርት ቤት በፈተና አልፋለች፤ ምዝገባው በማግሥቱ ይዘጋል። አባቷ ግን በታቦት ምለዋል፤ ድምፅዋን ሳይሰሙ የሚያድሩበት ቀን ከመጣ ትምህርቱ ቀርቶ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

«ለልጅ የሚሆን ጥቅል ምረጭልን፣ ያምሮት» አሉኝ አያ ገብረሰንበት። «ወሬ የማያበዛ፣ ግን የማይጠፋ።»

የወሩን መረጥኩላቸው። ኢንተርኔት የለውም፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ሠላሳ ቀን ይቆያል። ሁሉም ተስማሙ። ልሞላ ስል መሪጌታ መቋሚያቸውን ባንኮኒው ላይ አጋደሙት።

«ቆይ ልጄ። ወሩ ስንት ቀን ነው?»

«ሠላሳ፣ የኔታ።»

«ጥቅሉን አላልኩሽም። አሁን ያለንበትን ወር ነው።»

የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። ጳጉሜ አምስት ቀን ናት።

«የወር ጥቅል ከወሩ ጋር ይወጣል» አሉ። «የቅዱስ ዮሐንስ ለት ልጅቱ ዲዳ ናት።»

«እንግዲያ የሳምንቱ ይሁን» አለች ማርያማዊት። «ሰባት ቀን ነው።»

«ሳምንት ከወር ይረዝማል እንዴ?» አሉ አባቷ።

«በጳጉሜ ይረዝማል» አሉ የኔታ፣ ምንም ሳይደንቃቸው። ከዚያ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። «ዛሬ ሁለት ነው። ሰባት ሲጨመር ጳጉሜ ዘጠኝ። ጳጉሜ ዘጠኝ የሚባል ቀን አልተፈጠረም። በሌለ ቀን የሚያልቅ ነገር እንዴት ይገዛል?»

«መስከረም አራት ማለት እኮ ነው» አልኩ በቀስታ።

«ዓመት ተሻግሮ? ማቴዎስ በዘመኑ የገባውን ቃል ማርቆስ ምን አግዶት ይፈጽማል?»

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታትስቲክስ ነው። ለዚህ የሚሆን ቀመር አላገኘሁም። ውጭ ረዳቱ «ቡሬ፣ አንድ ሰው የቀረው» እያለ ይጣራል። ማርያማዊት የሻንጣዋን እጀታ ጨብጣ በሩን ታያለች።

«ዋስ ጥሪ» አሉኝ አያ ገብረሰንበት።

«ለጥቅል ዋስ የለውም። ባለቤቶቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው።»

«በሬ እንኳ ያለ ዋስ አንገዛም። ልጄን ለማላውቀው ሰው ልስጥ?»

ማርያማዊት አየችኝ።

«እኔ እሆናለሁ» አልኩ።

«አልሰማንም» አሉ የኔታ።

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ከመንገዱ ማዶ የነበሩ የባጃጅ ሾፌሮች ዞረው አዩኝ። የኔታ ውሉን በቃል ደነገጉ፤ ጥቅሉ ከሞተ ዋሷ በአካል ቡሬ ሄዳ የልጅቱን ቃል ታመጣለች። የወሩን ሞላሁላት፤ ሮጣ መኪናው ላይ ወጣች።

የቀሩትን ሦስት የጳጉሜ ቀናት ማታ ማታ ደወለች። መስከረም አንድ አባቷና የኔታ ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ ሱቄ መጡ። አያ ገብረሰንበት ደወሉ። አንዲት ሴት የደወሉላቸው ደንበኛ ስልካቸውን እንደዘጉ በትሕትና ነገረቻቸው።

«ማን ናት ይህች?»

«የተቀዳ ድምፅ ነው» አልኩ።

«ጨዋ ናት። ልጄ ግን አይደለችም።»

«ጳጉሜ ይዛው ወጣች» አሉ የኔታ፤ ደስ ያላቸውም ያዘኑም አይመስሉም።

አያ ገብረሰንበት ልጃቸውን ሊያመጡ ተነሡ። የኔታ ጋቢያቸውን ያዙ። «ዋስ እያለ ባለጉዳይ አይሄድም።»

እናም የበዓል ቀሚሴን እንደለበስኩ ቡሬ ሄድኩ። ማርያማዊት መኝታ ክፍሉ ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩ ተዘግቶ በነጠላ ተጠቅልሏል።

«ለምን ዘጋሽው?»

«ጳጉሜ አለቀ አይደል፣ እታለም? የሞተ ስልክ ከፍቼ ምን እሠራለሁ። ትመጫለሽ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅሁሽ ነው። ቃሌንም ጽፌዋለሁ።» ለአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት ሰጠችኝ።

ስልኩን ከፈትኩት። ሃያ ስድስት ቀን ይቀረዋል። ለአባቷ ደወለች፤ እሳቸውም ሰምተው «ድምፅዋ ነው» አሉ። የኔታ ስልኩን ተቀብለው ለእኔ እንድትሰጠኝ ጠየቁ።

«አየሽ ልጄ፣ ዋስ ሲደርስ ነቃ።»

«ተዘግቶ ነው እንጂ አልሞተም ነበር፣ የኔታ።»

«የደረስሽው አንቺ። የነቃውም ያኔ። ምኑ ነው የሚያከራክረን?»

አመሻሹ ላይ ስመለስ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ለአያ ገብረሰንበት ሰጠሁ፤ ከተጻፈ መድረስ ነበረበት። እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «አባቴ፣ ደህና ነኝ። ስልኩ ሞቷል። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል። በጉን ያለ እኔ እንዳታርዱት።»

ሁለተኛም አነበቡት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ከስልኩ አጠገብ። ስልኩን ግን አውጥተው ወደ ሌላኛው ኪስ አዛወሩት።

«ትማር» አሉ።

ተነፈስኩ። ቁልፌን አውጥቼ ሱቄን ልዘጋ ዞርኩ።

«ነገስ ቃሏን ልታመጪ በስንት ሰዓቱ መኪና ነው የምትሄጅው?» አሉኝ አያ ገብረሰንበት።