የጋሽ ካሳ ሴፕቲክ

ታንጉት ከቢቸና መጥታ ልጇ ዘመድኩን ቤት ባረፈች በአራተኛው ቀን የግቢው ሽንት ቤት ሞልቶ ሊገነፍል ደረሰ።

ግቢው ከአማኑኤል ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው ቅያስ ውስጥ ነው። ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት። ውሃ ማክሰኞና አርብ ጠዋት ይመጣል፤ በቀረው ቀን ሰዉ የሚኖረው በጀሪካን ነው። በጀሪካን የማይኖሩት የግቢው ሊቀመንበር ጋሽ ካሳ ብቻ ናቸው። ጣራቸው ላይ ትልቅ የውሃ ሮቶ ተቀምጧል፤ ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ነጭ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤትና ሻወር አላቸው። ፍሳሹ ወጥ ቤታቸው ሥር ወዳስቆፈሩት የራሳቸው ሴፕቲክ እንደሚሄድ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ።

የጋራው ጉድጓድ ድሮ የሚሞላው በሁለት ዓመት አንዴ ነበር። አሁን በአራት ወሩ ይሞላል። ጋሽ ካሳ ጥፋቱን የጣሉት ሰባት ልጆች ባሏት በጠሂራ ላይ ነው። "የሰው ብዛት ነው" ይላሉ። በሽንት ቤቱ በር ላይም "ውሃ አብዝቶ መድፋት በጥብቅ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ በእጃቸው ጽፈው ለጥፈዋል። ጠሂራ ክሱ ስለሰለቻት፣ ልጆቿ ጠዋት ሽንታቸውን ይዘው ሥራ ቦታዋ ድረስ መጥተው እዚያ እንዲጸዳዱ እስከ መምከር ደርሳ ነበር።

የዚያን ቀን ግን ጋሽ ካሳ አዲስ ጥፋተኛ አገኙ። ዘመድኩን ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ታንጉት እየሰማች፣ "ምን ይደረግ፣ ከገጠር እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው። ሜዳ የለመደ ሰው የሽንት ቤት አያያዝ ከየት ያውቃል" አሉ።

ዘመድኩን አንገቱን ደፋ። ሚስቱ እምነት፣ መታጠብ የማያስፈልገውን ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ታንጉት ሰውየው እስኪሄዱ ጠብቃ ልጇን፣

"በአራት ቀን ጉድጓድ ሞላሁ ማለት ነው?" አለችው።

"ተይው እማዬ። ትልቅ ሰው ናቸው።"

"እተወዋለሁ። ግን እኔ የምበላው በሰው ልክ ነው።"

ጋሽ ካሳ የማያውቁት ነገር ነበር። ታንጉት በአገሯ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ የእጅ ፓምፑ ቁልፍ ከመቀነቷ አይለይም። ጓሮዋ ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ከተቆፈረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ውሃ ስለማይገባበት ገና ግማሹን አልያዘም። ቶሎ የሚያስሞላው ሰው ሳይሆን ውሃ እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። እዚህ ግቢ ደግሞ ለመጠጥ እንኳ የሚሰሰትለትን ውሃ ጉድጓድ ውስጥ የሚደፋ ማን አለ?

በማግስቱ ጠዋት ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቀረቀረችና ጆሮዋን ሰጥታ ቆመች። ከእሷ በቀር ማንም የለም። ከሥር ግን ውሃ ይንፎለፎላል። ከጋሽ ካሳ ቤት ደግሞ ሻወር የሚወስድ ሰው ዜማ ይሰማል። ዜማው ሲቆም የሥሩም ድምፅ ቆመ። በሳልስቱም እንደዚያው ሆነ።

ጉድጓዱን የሚመጥጠው መኪና ሐሙስ ይመጣል ተባለ። ረቡዕ ታንጉት እምነትን አስከትላ ወደ ገበያ ወጣች፤ የስፌት ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ደርሳ ሦስት እሽግ ቀለም ገዛች። ስንደዶ የሚቀለምበት፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ አንዱ እሽግ ብቻ አንድ ትልቅ ድስት ውሃ የሚያጠቁር።

"ለሙዳይ ነው?" አለች እምነት።

"ለሙዳይ ነው" አለች ታንጉት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ መኪናው መጣ። ቅያሱ ስለሚጠብበት ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ሠራተኛው ረጅሙን ጎማ መጎተት ጀመረ። ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ታንጉት በዚህ መሀል ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጋሽ ካሳ ቤት ሄደች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የቤት ውስጥ ሽንት ቤት በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አገሬ ስገባ የማወራው ባገኝ ብዬ ነው።"

ጋሽ ካሳ ፊታቸው በራ። የሲንኩን ቧንቧ ከፍተው አሳዩዋት፤ ሻወሩን ከፍተው አሳዩዋት፤ መልቀቂያውን ተጭነው ውሃው ሲወርድ እንድታይ አደረጓት።

"ይሄ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል?"

"ወደራሴ ሴፕቲክ ነዋ። ከጋራው ጋር ምንም አይገናኝም።"

"እግዜር ይስጥዎ። እንግዲህ ከደረስኩ አይቀር ልሞክረው?"

በሩን ዘጋችና ሦስቱንም እሽግ ቀደደች። ሁለት ጊዜ ውሃ ለቀቀችበት፤ ሰውየው ያስቀመጡትን የባልዲ ውሃም ጨመረችበት። መቀመጫውን በብሩሹ ብትፈትገው ብትፈትገው ሐምራዊ ቀለበት አልለቅ አላት፤ ክዳኑን መልሳበት ወጣች። ጣቶቿ ወይን ጠጅ መስለው ነበር፤ ነጠላዋ ሥር ሸሸገቻቸው።

"እንዴት አገኙት?" አሉ ጋሽ ካሳ።

"ግሩም ነው። ይምጡና ደግሞ ሲመጠጥ አብረን እንይ።"

ሠራተኛው የጉድጓዱን ክዳን አንስቶ ትንሽ እንደመጠጠ ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዉን አየ።

"እናንተ ግቢ የሚበላው ምንድን ነው? ቀይ ሥር ብቻ ነው እንዴ?"

ሁሉም ተንጠራርቶ አየ። ጉድጓዱ ውስጥ ወይን ጠጅ ነገር ይንፎለፎላል። ጋሽ ካሳ እንደ ሊቀመንበርነታቸው ወደፊት ራመድ አሉ።

"ይሄው። ያልታወቀ ነገር እየተጨመረ ነው። ስናገር አትሰሙኝም።"

"የጨመርኩት እኔ ነኝ" አለች ታንጉት፤ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ጣቶቿን አሳየች።

"እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው?" አለ ዘመድኩን።

"ቀለም ነው፣ ልጄ። የጨመርኩት ግን እዚህ አይደለም። በጋሽ ካሳ ሴፕቲክ ነው።"

ሠራተኛው ባትሪውን አብርቶ ወደ ውስጥ አየና በጋሽ ካሳ ወጥ ቤት በኩል የገባውን ፕላስቲክ ቱቦ በጣቱ አመለከተ። ከቱቦው አፍ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ውሃ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የሳቀችው ጠሂራ ናት። ስትስቅ ቆይታ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋን በሻሿ ጠረገች፤ ከዚያ ተነስታ ማስታወቂያውን ከበሩ ላይ ገነጠለች። ጋሽ ካሳ ቤታቸው ገብተው ዘጉ።

የታንጉት ደስታ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዘለቀ። ከዚያ እምነት፣ ሰውየው ያን ሽንት ቤት ያሠሩት ሟች ባለቤታቸው እግሯን ታማ ግቢውን መሻገር ሲያቅታት እንደነበር ነገረቻት። ታንጉት ተነስታ በራቸውን አንኳኳች።

"ሊስቁብኝ መጡ?" አሉ ጋሽ ካሳ፣ በሩን ገርበብ አድርገው።

"ስቄ ጨርሻለሁ። ቱቦውን ከጉድጓዱ ላገናኝ ብለው ጎረቤቶችዎን ቢጠይቋቸው ኖሮ እምቢ ይሉዎት ነበር?"

"እንጃ። አልጠየቅኳቸውም።" አንገታቸውን ዝቅ አደረጉና፣ "እሷ ካረፈች በኋላ ደግሞ መናገሩ አሳፈረኝ" አሉ።

"ጠሂራን ሁለት ዓመት ሲከሱ አላፈሩም።"

በማግስቱ አርብ ነበር። ጋሽ ካሳ ከሁሉም ቀድመው ወጥተው በሊቀመንበርነታቸው ይይዙት የነበረውን የጋራውን ሽንት ቤት ቁልፍ ለጠሂራ ሰጡ፤ ይቅርታውን ሲናገሩ ድምፃቸው አልወጣም፤ እሷም ደግመው እንዲናገሩት አደረገቻቸው። ከሮቶው ወደ ግቢው የሚወርድ ቧንቧ አስገጠሙ፤ ውሃ በማይመጣበት ቀን ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ጀሪካን እንዲሰጥ ተስማሙ፤ የእሳቸው ቱቦም እንዳለ ይቆይ ተባለ።

ቅዳሜ የአዲሱን ቧንቧ ጎማ ይዘው የቀዱት ራሳቸው ጋሽ ካሳ ናቸው። ሰልፍ አስተካክሉ እያሉ አላስቀምጥ አሉ። ታንጉት ሁለቱን ጀሪካኖቿን አስሞልታ ሦስተኛውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበች። ጋሽ ካሳ አዩዋት። እሷም አየቻቸው። ጎማውን ጀሪካኑ ውስጥ ከተቱላት።