ከፊርማው በላይ ያለው ባዶ ቦታ

አሠልጣኙ ነጩ ሰሌዳ ላይ አምስት ክብ ሠራ። በአራቱ ውስጥ ሕግ፣ ሃይማኖት፣ ቤተሰብ፣ የሙያ ደንብ ብሎ ጻፈ። አምስተኛው ክብ የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ደርሶ ስለጠበበበት «ሕሊ» ብቻ ገባለት፤ «ና» ውጭ ቀረች። «የፍትሕ ሠራተኛ የሥነ ምግባር መርሁን የሚቀዳው ከእነዚህ አምስት ምንጮች ነው» አለን። ከኋላ የተቀመጠው የእስረኛ ጥበቃ ኃላፊ እጁን አውጥቶ «ስድስተኛ የለም?» ሲል ጠየቀ። የለም ተባለ። ማስታወሻው ላይ «ስድስተኛ የለም» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

እኔ የፖሊስ ጣቢያ ቃል ተቀባይ ነኝ። ተጠርጣሪው የሚለውን በእጄ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብለታለሁ፣ አስፈርመዋለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ዘመን ኮምፒውተር የላችሁም ወይ ለሚለኝ ሰው፣ አለን፤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የተበላሸ ዕለት ያለበሱት ጨርቅ ግን እስካሁን አልተነሳም።

ባልደረቦቼ «እሜቴ ሰረዝ» ይሉኛል። ተጠርጣሪው ተናግሮ ሲጨርስ፣ ከመጨረሻው ቃል እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ፣ ማለትም እስከ ፊርማው ቦታ የሚተርፈውን ባዶ ቦታ እሱ እያየ ስለምሰርዘው ነው። አንድ መስመርም ይሁን ግማሽ ገጽ ሳልሰርዝ አላስፈርምም። ይህን ያስተማሩኝ አሁን ጡረታ የወጡት አሥር አለቃ ናቸው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስደው ባዶውን ሰረዙና «ልጄ፣ ባዶ አትተዪ። ለምን ብለሽ ደግሞ አትጠይቂኝ» አሉኝ። አልጠየቅኳቸውም። ትልቅ ሰው ካልተናገረ ምክንያት አለው ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ጊዜ ረሳሁ። የረሳሁትም ወደ ሥነ ምግባር ሥልጠና ስቸኩል ነው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ቁልፍ ሠሪ ቃሉን እየሰጠኝ ነበር። በሰፈሩ አንድ የስልክ መሸጫ ሱቅ ሳይሰበር ተከፍቶ ሰባት ስልክ ጠፍቷል። የምርመራ ኃላፊያችን ነገሩን የፈታው አንድ ሲጋራ አጭሶ ሳይጨርስ ነው። በር ሳይሰብር የሚከፍት ማነው? ቁልፍ ሠሪ። በሰፈሩ ስንት ቁልፍ ሠሪ አለ? አንድ። አለቀ። «ባለ ሱቁም እኮ ቁልፍ አለው» ብዬ ነበር፤ አልሰማኝም። ሰውየው ቃሉን ሲሰጥ «ሱቁን አልከፈትኩም፣ ስልኮቹንም አላየሁም፣ ባለ ሱቁን የማውቀው ባለፈው ዓመት የፊት በሩን ቁልፍ ስቀርጽለት ነው» አለ። ጻፍኩ፣ አነበብኩለት። ውጭ ወደ ሥልጠናው የሚወስደን ሰርቪስ ጥሩንባውን ያንባርቃል። «እዚህ ጋ ፈርም ወንድሜ» አልኩት፤ ገጹ ግርጌ ላይ ፈረመ። ተነስቼ ሮጥኩ። ከቃሉ ማብቂያ እስከ ፊርማው አራት መስመር ባዶ ቀርቶ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ከሥልጠናው ስመለስ ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ወረቀቱ ፊቱ ተዘርግቷል።

«እሜቴ ሰረዝ፣ ምን ነካሽ? አራት መስመር ትተሽልኛል» አለ እየሳቀ።

«ይስጡኝ፣ ተቻኩዬ ነው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

«ምን ያጣድፍሻል? ሰውየው ኮሪደር ላይ ለእኔ ነግሮኛል። የኋላውን በር ቁልፍ በድብቅ ቀርጬ በሱ ገባሁ ብሏል። እሷን ብቻ ጨምሪልኝ።»

«ለእርስዎ ከተናገረ ተጠርቶ ለእኔም ይናገራላ።»

«አሁን ሐሳቡን ቀይሯል።»

«እንግዲያው የተቀየረውን ነዋ የምጽፈው።»

መሳቁን ተወ። «ስሚኝ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ያለዚህች ነገር ሰውየውን የምናቆይበት ምክንያት የለንም። ሌባ ልንለቅ ነው? እኔ እንዳልጽፈው ጽሑፌ ሌላ ነው። ያንቺን ጽሑፍ ደግሞ ዳኞቹ ያምኑታል።» ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፖስታ አሳየኝ። «የዕድገት ደብዳቤሽም እኔው ጋ ነው ያለው። አልፈረምኩበትም ገና።»

ወረቀቱን መዝገቡ ውስጥ ከቶ አሸከመኝ። ወጣሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኛ ጣቢያ ግን ከአፍ ያልወጣም አፋፍ ይደርሳል። ይህን ድሮም አውቃለሁ፤ በእኔ እጅ ጽሑፍ ሲሆን ግን የመጀመሪያው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ነገር ቢኖር ዳኛ የማይጠራጠረው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ኃላፊው የፈለገውም እሱኑ ነው።

ቅዳሜን ሙሉ መዝገቡን ፊቴ ዘርግቼ አምስቱን ክቦች አንድ በአንድ ሳስብ ዋልኩ። ሕግ አትጨምሪ ይላል፤ ይህን ለኃላፊው የምነግረው ግን እኔ ነኝ፣ እሱ ደግሞ ሕግ ሲያስተምረኝ የኖረ ሰው ነው። ሃይማኖት በሐሰት አትመስክሪ ይላል። የሙያ ደንቡ አንቀጽ ሦስት ሐቀኛ ሁኚ ይላል፣ አንቀጽ አራት የበላይሽን ታዘዢ ይላል፤ ሁለቱ አንቀጾች አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተጣልተው አያውቁም። ቤተሰብን ጠየቅኩ። እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ከአለቃሽ አትጋጪ፤ ደግሞ ክፉም አትሥሪ» አለችኝ። ሕሊና ቀረ። ሕሊናዬ ሰርዢውና ተገላገዪ አለኝ።

ግን እሱስ ቢሆን? ሰውየው ፈርሞበታል። ከፈረመ በኋላ እሱ በሌለበት አንድ ቃል መጨመር ሐሰት ከሆነ፣ አንድ ሰረዝ መጨመርስ ምን ይባላል? እስክሪብቶ አንስቼ አስቀመጥኩ። እንደገና አንስቼ አስቀመጥኩ። ነገሩ እዚህ ሲደርስ ያስተማሩኝን ሰው ልጠይቅ ብዬ ቆረጥኩ።

እሑድ ረፋዱ ላይ አሥር አለቃ ቤት ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው በረንዳው ላይ ከወዳጃቸው ጋር ዳማ ይጫወታሉ። እኚህ ወዳጃቸው ብዙ የማይናገሩ፣ የተሰጣቸውን ወረቀት ሁሉ፣ የመድኃኒት ማስታወቂያም ቢሆን፣ ፊትና ጀርባውን አንብበው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። በየእሑዱ ይመጣሉ። አሥር አለቃ በየእሑዱ ይሸነፋሉ። እኔ ጨዋታው ስለማይሆንላቸው ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ነገርኳቸው። ኃላፊው ምን እንዳለኝ፣ ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ፖስታው፣ ሁሉንም። አሥር አለቃ ጠጠር በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ስንት መስመር?» አሉ።

«አራት።»

«የእኔ ሦስት ነበር» አሉ ወዳጃቸው።

አልገባኝም። አሥር አለቃን አየኋቸው። እሳቸው ዳማውን ያያሉ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ከመምጣትሽ በፊት። የመጋዘን ዘበኛ ነበር፤ መጋዘኑ ተዘረፈ። አልሰረቅኩም ብሎ ፈረመ። ከፊርማው በላይ ሦስት መስመር ተርፎ ነበር። አለቃዬ፣ ሰውየው በቃሉ ነግሮኛል፣ ጨምርበት አለኝ። ጨመርኩ። እንግዲህ ትክክለኛው ሌባ በሌላ ነገር ተይዞ በገዛ አፉ እስኪናገር ድረስ ይህ ሰው ስድስት ዓመት ታሰረ።»

«አምስት ዓመት ከሰባት ወር» አሉ ወዳጃቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ምን ያህል እንደሚያድር ግን ተረቱ አይናገርም።

ተናደድኩባቸው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰረዙን ከንጹሕ ሰው የወረስኩት መስሎኝ እኮራበት ነበር። ሰው ፊት ስማቸውን አንስቼ «የእኔ አስተማሪ» ያልኩበትን ጊዜ ሁሉ አስታወስኩ። ደግሞ ደጋግመው የሚሸነፉትን ሽማግሌ ሳይ አሳዘኑኝ፤ ማዘኔም ራሱ አናደደኝ።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«አስተማርኩሽ እኮ» አሉ።

ወደ ወዳጃቸው ዞርኩ። «እርስዎስ፣ ይቅር ብለዋቸዋል?»

«አላልኩም» አሉ። «ዳማ ነው የምንጫወተው።»

ወዳጃቸው ጠጠራቸውን በአሥር አለቃ ጠጠር ላይ አዘለሉና የበሉትን አንስተው ወደ ጎን አስቀመጡ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ «ሰውየውን ጥሪውና ራሱ ይሰርዘው» አሉ። «ባዶው የእሱ ነው። አንቺም አትንኪው፣ አለቃሽም አይንካው። እኔን ጠርቶ ያሳየኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በጥርሴም ቢሆን እሰርዘው ነበር።»

ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያ ደረስኩ። ተረኛውን መኮንን ምስክር እንዲሆን ጠርቼ ቁልፍ ሠሪውን ከማረፊያ ክፍሉ አስወጣሁት። ቃሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ከዚያ ባዶውን በጣቴ አሳየሁት።

«ወንድሜ፣ ይህን ሐሙስ አንተ እያየህ መሰረዝ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ ሰው ያላልከውን ሊጽፍበት ይችላል። አሁን ራስህ ሰርዘው።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ተረኛውን አየ። የሚያመልጥበት መንገድ ይሁን የሚገባበት ወጥመድ እርግጠኛ አልሆነም። «ማስመሪያ አለሽ?» አለኝ።

«በእጅህ አድርገው፣ ይበቃል።»

«አይ፣ ከተሠራ አይቀር።»

ማስመሪያ ተፈለገ። ተረኛው ከተሽከርካሪ አደጋ ክፍል ተውሶ አመጣ። ቁልፍ ሠሪው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካና አራቱንም መስመሮች አንድ በአንድ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘ። በዕድሜዬ እንደዚያ የተስተካከለ ሰረዝ አላየሁም። እኔ በኅዳጉ ላይ ማን በማን ፊት እንደሰረዘ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ፤ እሱና ተረኛው ፈረሙበት። ከወንበሩ ሳይነሳ «ሰርቀሃል ወይ ብለሽ አትጠይቂኝም?» አለኝ።

«ሐሙስ ጠይቄህ ነበር። መልስህ ከላይ ተጽፏል» አልኩት።

ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊው መዝገቡን ከፈተ። ሰረዞቹን ብዙ ጊዜ አያቸው።

«ምንድነው ያደረግሽው?»

«ረስቼ የነበረውን አስጨረስኩ።»

አልጮኸም። ፖስታውን ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝና መልሶ ቆለፈበት፤ መቆለፉን እንድሰማ ቁልፉን ሁለቴ አዞረው። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ማስረጃ አይበቃም ብሎ መለሰው። ቁልፍ ሠሪው ረቡዕ ተለቀቀ። ስልኮቹ አልተገኙም። ሰረቀ አልሰረቀ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰርቄያለሁ ግን አላለም።

በሳምንቱ ወደ ጠፋ ዕቃ ክፍል ተዛወርኩ። ሥራዬ ጃንጥላ መቁጠር ነው። በእኔ ቦታ ለመጣችው ልጅ ጠረጴዛውን ሳስረክባት «ባዶ አትተዪ» አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። በረንዳ ላይ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት።

የሥልጠናው ቅጽ ደግሞ ሳልሞላው ቀርቶብኝ ነበር። አምስቱ ክቦች ታትመውበታል፤ ከሥራቸው «የእርስዎ የሥነ ምግባር መርህ ምንጭ የትኛው ነው? በአንዱ ላይ ምልክት ያድርጉ» ይላል። አጠገባቸው አንድ ሌላ ክብ በእጄ ሠራሁና ውስጡ «የአንድ ሰው አምስት ዓመት ከሰባት ወር» ብዬ ጻፍኩ። የተረፈውን ባዶ ቦታ ሰርዤ ፈረምኩና ለአሠልጣኙ ላክሁት። በሦስተኛው ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰልኝ፤ «በአግባቡ አልተሞላም። ስድስተኛ የለም።»

እሑድ ይዤው ሄድኩና ለአሥር አለቃ ወዳጅ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፊቱን አነበቡ፤ ገልብጠው ባዶ ጀርባውንም አዩ። ከዚያ መለሱልኝ።

«ወሮቹንም ጽፈሻቸዋል» አሉኝ።

ተራው የእሳቸው ስለነበር ጠጠራቸውን ገፉ።