ራሱን የሚዘረጋው ሰሌዳ

ትራንዚተሯ ሁዶ ቢሮዎች ለቀትር ሳይዘጉ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ካልላከች፣ የደንበኛዋ ቸኮላት መኪና ላይ እንዳለ በድሬ ፀሐይ መቅለጡ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ፊደል በነካች ቁጥር የፕሮግራሞች መክፈቻ ሰሌዳውን እየዘረጋ ሥራዋን ይጋርድባታል።

«ቫይረስ ነው፤ ሁሉንም ልደምስሰው» አለ ጠጋኙ አዩብ፣ ጉንጩን ጫት እንደወጠረው።

«አንተ ከመደምሰስ ሌላ ምን ታውቃለህ? ፕሪንተሬን ገድለህ አልበቃህም?» ብላ ኪቦርዱን ከእጁ ነጠቀችው። ገልብጣ ስታራግፈው፣ አንዱን ቁልፍ ጨቁኖ የያዘ ቀይ ዶቃ ዱብ አለ፤ ሰሌዳውም ተከደነ።

«ይኸው ቫይረስህ!»

«ዶቃው ከኪቦርዱ የአቧራ መከላከያ ልብስ የረገፈ አይደለም እንዴ፣ አባዮ እህቴ?»

ሁዶ በእጇ ጠልፋ በዶቃ ያስጌጠችውን የኪቦርድ ልብስ አየት አደረገችው። ዲክላራሲዮኑን ላከችና ልብሱን መልሳ አለበሰችው።

«ልብሱ ምን በደለ? ዶቃን ከቫይረስ የማይለይ ባለሙያ ነው እንጂ ያስቸገረን!»