ክፍት የተገኘ በር

የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ኔስታ፣ ሞይል ዊን የሚባለው ተራራ ጫፍ ካልወጣሁ ብላ ስትነዘንዘኝ ከረመች። ተራራው ትልቅ አይደለም፤ የኛ ሰፈር ሰው ከምሳ በኋላ ወጥቶ ለሻይ ይደርሳል። እኔ ግን ልጅ ይዤ ልቤ አያርፍም። ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆለፍኩላት።

"አያቴ፣ አነቅሽኝ እኮ" አለች።

ወደ ተራራው የሚያስገባው የግጦሽ አጥር በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አጠገቡ የጎረቤታችን የኢድዋል ወይፈኖች ቆመው ያፈጡብናል። ወይፈን ሰው መከተል ይወዳል። እኛ እንዳለፍን በሩን ጎትቼ ቀረቀርኩት። እዚህ አገር ክፍትም ይሁን ዝግ፣ በር እንዳገኙት ነው የሚተዉት፤ ይህንን ለስንቱ የከተማ መንገደኛ በቁጣ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን የታየኝ የልጅቷ ትንሽ ጀርባ ብቻ ነበር።

ጫፉ ላይ የዘቢብ ዳቦ ስንበላ ፉጨት ሰማሁ። ኢድዋልና ውሾቹ በጎቹን ለመሸለት ሰብስበው ወደ በሩ ያወርዷቸዋል። የዘጋሁት በር ትዝ አለኝ። መንጋው የተዘጋው በር ላይ ተጨናነቀ፤ አንዷ ዞረች፣ የቀሩት ተከተሏት፣ ተራራው ላይ ተበተኑ።

ስንወርድ ኢድዋል በሩ አጠገብ ቀይ ጃኬት የለበሱ ባልና ሚስት መንገደኞችን አቁሟል።

"ክፍት የተውኩትን በር ማን ዝጉ አላችሁ? ከንጋት ጀምሮ የለፋሁበት ነው። ሸላቾቹ ግቢ ተቀምጠው ሻዬን ይጨርሱልኛል።"

"ይቅርታ፣ ሳናውቀው ይሆናል" አለ ሰውየው፣ ላላደረገው ነገር።

ኢድዋል ሲያየኝ ፊቱ ፈታ አለ። "ይኸው፣ እትዬ ሜና መጡ። እስቲ ይንገሩልኝ።"

"በር እንዳገኙት ነው የሚተዉት" አልኩ።

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። እኔ የኔስታን እጅ ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ። ጥቂት እንደሄድን ልጅቷ ቆመች።

"አያቴ፣ እኛ ስንመጣ በሩ ክፍት አልነበረም እንዴ?"

ዞሬ ወደ በሩ ተመለስኩ።

"ኢድዋል ልጄ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ወይፈኖቹን ፈርቼ ነው።"

"ታዲያ እነዚህ ሰዎች በእርስዎ ጥፋት ሲወቀሱ እንዴት አልፈው ሄዱ?" አለኝ፣ ሳይቆጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ለውሾቹ አፏጭቶ በጎቹን እንደገና ሊሰበስብ ሽቅብ ወጣ።

በሩን ከፍቼ በጎቹ ወደ ጎን እንዳያመልጡ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ቀይ ጃኬት የለበሰችው ሴትም መጥታ በሌላው ጎን ቆመች።

"ሲመጡ ምን ላድርግ፣ እማማ?" አለችኝ።

"እንደኔ ቁሚ" አልኳት፣ ቀና ብዬ ሳላያት።